የባሕር ዳርቻው ሳምንትና ከጀርባው ያለው ውል

በባሕር ዳርቻ ሪዞርት ውስጥ በታይምሼር፣ ማለትም በጊዜ ተከፋፍሎ በሚሸጥ የማረፊያ ድርሻ፣ ማረፍ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ተከራካሪዎቹ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወሩ ስለሚተላለፉ ነው። አንዱ ስለ ማረፊያው ያወራል፦ ስለ ሰፊው ክፍል፣ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ስለሚሰማው የማዕበል ድምፅ። ሌላው ስለ ውሉ ያወራል፦ በየዓመቱ ስለሚመጣው ሂሳብ፣ ሊሸጡት ሲፈልጉ ገዢ ስለሚጠፋለት ድርሻ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በእኔ እምነት ማረፊያው በአብዛኛው የተባለለትን ያህል ጥሩ ነው፤ ውሉ ግን፣ በተለይ ከሪዞርቱ ሻጭ እጅ በሙሉ ዋጋ ሲገዛ፣ ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። ባሕሩ ደግሞ ሁለቱንም ያጎላቸዋል፤ ሳምንቱን ተፈላጊ የሚያደርገው ያው ባሕር ሕንፃውንም ይበላዋል።

ታይምሼር ማለት አንድን የመዝናኛ አፓርታማ ለአንድ ባለቤት ሳይሆን በጊዜ ከፋፍሎ ለብዙዎች መሸጥ ነው። ዓመቱ በ52 ሳምንት ይከፈላል፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ለእድሳት ይተውና የቀረው ለሃምሳ ያህል ገዢዎች ይከፋፈላል። ሐሳቡ የአውሮፓ ልጅ ነው። ሃፒማግ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት በ1963 ተቋቁሞ ለአባላቱ የማረፊያ መብት መሸጥ ጀመረ (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በባሕር ዳርቻ የተስፋፋበት ታሪክ ግን ብዙም የሚያኮራ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የነዳጅ ዋጋ አሻቅቦ ኢኮኖሚው ሲቀዛቀዝ በፍሎሪዳ ዳርቻዎች የተገነቡ አፓርታማዎች ገዢ አጥተው ቀሩ። ሙሉ ቤት የሚገዛ ሲጠፋ ባለሀብቶቹ ቤቱን በሳምንት ቆርጠው መቸርቸር ያዙ። በ1974 ባለድርሻዎች ሳምንታቸውን እርስ በርስ የሚለዋወጡበት አርሲአይ የተባለ ድርጅት በኢንዲያናፖሊስ ተመሠረተ፤ ያኔ ንግዱ እግር አወጣ። ማሪዮት በ1984፣ ዲዝኒ በ1991፣ ሒልተን በ1992 ሲገቡበት ደግሞ ቀድሞ የአጭበርባሪ ሥራ ተደርጎ ይታይ የነበረው ንግድ የታወቁ ሆቴሎችን ካባ ደረበ።

ዛሬ የሚሸጠው ነገር ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ቋሚ ሳምንት ነው፤ ለምሳሌ በየዓመቱ 28ኛው ሳምንት የእርስዎ ነው፣ ያው ክፍል፣ ያው ቀን። ሁለተኛው ተንሳፋፊ ሳምንት ሲሆን በተወሰነ ወቅት ውስጥ ያለ ክፍት ሳምንት አስቀድሞ ይያዛል። ሦስተኛውና አሁን ገበያውን የያዘው ነጥብ ነው፤ ገዢው በየዓመቱ የሚታደስ የነጥብ ብዛት ይገዛና በኩባንያው ሪዞርቶች ሁሉ እንደ ገንዘብ ይመነዝረዋል። ነጥብ ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን በተሸጠለት መጠን ልክ አይደለም። የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ የገናና የአዲስ ዓመት ሳምንታት ብዙ ነጥብ ይበላሉ፤ ከዚያም በላይ ምዝገባው በተከፈተ ሰዓት ይወሰዳሉ። ኮምፒውተር ላይ ለመቀመጥ ትንሽ የዘገየ ባለነጥብ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል። እኔ ብሆን ከሦስቱ ቋሚውን ሳምንት ነበር የምመርጠው፤ ያረጀ አሠራር ቢባልም ቢያንስ የገዛኸውን ነገር በቀን መቁጠሪያ ላይ በጣትህ ማሳየት ትችላለህ።

አሁን ወደ ማረፊያው እንግባ፤ ምክንያቱም ተቺዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት እሱን ነው። የተለመደው ባለሁለት መኝታ የታይምሼር አፓርታማ ከሆቴል ክፍል ጋር የሚያመሳስለው ነገር ጥቂት ነው። ሳሎኑ ለብቻው ነው። ወጥ ቤቱ የይስሙላ አይደለም፤ ምድጃ፣ ሙሉ ማቀዝቀዣ፣ ድስትና መጥበሻ፣ ለስምንት ሰው የሚበቃ ሳህንና ሹካ በመሳቢያው ተደርድሮ ይጠብቃል። በኮሪደሩ ከሚገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ተደራርበው ቆመዋል። በከተማ ሆቴል ውስጥ ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ አሸዋ የሞላ ፎጣና የረጠበ የዋና ልብስ ይዘው በቀን ሁለት ጊዜ ከሚመለሱ ልጆች ጋር ለሰባት ቀን ያረፈ ወላጅ ግን ከባሕሩ እይታ ይልቅ ማጠቢያውን ሊያመሰግን ይችላል። ቁርስና ምሳ እቤት ሲበላ የሚተርፈው ገንዘብም ቀላል አይደለም። በባሕር ዳርቻ ያሉ ምግብ ቤቶች የሚያስከፍሉት ለእይታውም ጭምር ነውና ለአምስት ሰው ቤተሰብ በቀን አንድ ማዕድ ብቻ ውጭ መብላት የሳምንቱን ወጪ በግልጽ ያወርደዋል።

ብዙዎቹ አፓርታማዎች በመካከል በሚቆለፍ በር ለሁለት ይከፈላሉ። አያቶች በትንሹ ክፍል በራሳቸው መታጠቢያ ቤት ያድራሉ፣ ወጣቶቹ ማዶ ያመሻሉ፤ በሩ ሲከፈት አንድ ቤት፣ ሲዘጋ ሁለት ቤት ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ወይም ለጥንዶች ይህ ሁሉ ቦታ ትርፍ ነው፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚሰበሰብበት ዕረፍት ግን ሆቴል ይህን በዚያ ዋጋ ማቅረብ አይችልም። ሌላም ጥቅም አለ። ገንዘቡ አስቀድሞ ስለተከፈለ ሰው ዕረፍቱን አይሰርዝም። ሥራ በዛብኝ እያለ ዓመት ከዓመት ዕረፍቱን ለሚያስተላልፍ ሰው ይህ ግዳጅ ጥቅም መሆኑን ብዙ የረካ ባለድርሻ ይናገራል፤ ልንንቀው አይገባም።

ጉድለቶቹም ከማረፊያው ጋር አብረው ይመጣሉ። ክፍሉ በየቀኑ አይጸዳም፤ ብዙ ቦታ በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ጊዜ ፎጣ ይቀየርና ቆሻሻ ይነሣል፣ አለቀ። የመግቢያ ቀኑ ብዙ ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ተብሎ የተወሰነ ስለሆነ ሁሉም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጎርፋል፤ ሰልፉም እንደዚያው ነው። የውቅያኖስ እይታ የሚለው ቃልም ሰፊ ነው፤ ከበረንዳው ጫፍ ላይ ተንጠራርቶ የሚታይ ሰማያዊ ሰንበርም በዚሁ ስም ይጠራል። ከባሕሩ ፊት ለፊት መሆንና ባሕሩን ማየት የተለያየ ምድብ የተለያየ ዋጋ ነው።

ከሁሉ የከፋው ባሕሩ ራሱ ውል የማይፈርም መሆኑ ነው። በአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይዘልቃል፤ ስድስት ወር ማለት ነው። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ሳርጋሰም የተባለው ቡናማ የባሕር አረም በካሪቢያንና በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ዳርቻዎች ላይ በየዓመቱ ማለት ይቻላል እየተከመረ፣ ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ሽታ እያወጣ፣ በተለይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ዋናን ያስከለክላል። የሆቴል እንግዳ ትንበያውን አይቶ ሌላ ዳርቻ ይመርጣል። ቋሚ ሳምንቱ እዚያው ወቅት ላይ የወደቀበት ባለድርሻ ግን መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል ወይም ሳምንቱን ለልውውጥ ያስቀምጣል፤ ለልውውጡም ለብቻው ይከፍላል። በጥቅምት 2005 ዊልማ የተባለው አውሎ ነፋስ የሜክሲኮዋን የካንኩንን ዳርቻ አሸዋ ጠርጎ ወስዶ ነበር፤ መንግሥት ከባሕሩ ወለል አሸዋ እያስወጣ መልሶ አለበሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሥራውን መድገም ግድ ሆነበት።

ይህ ወደ ገንዘቡ ያሻግረናል። በአሜሪካ ከአልሚው ኩባንያ በቀጥታ የሚገዛ ድርሻ በቅርብ ዓመታት በአማካይ 24,000 ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ቁጥር ነው፤ እሱ ግን እዳው ገብስ ነው። ዋናው ነገር ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ነው። አማካዩ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ቢያርፉም ባያርፉም ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ጣሪያም የለውም። ደረሰኙን ዘርዝሮ ያነበበ ሰው የሚያገኘው የሠራተኞች ደመወዝ፣ ጽዳት፣ መብራትና ውኃ፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ለወደፊት እድሳት የሚቀመጥ መጠባበቂያና የአስተዳደር ክፍያ ነው። የመጨረሻው ትኩረት ይፈልጋል። ሪዞርቱን የሚያስተዳድረው ብዙ ጊዜ ድርሻውን የሸጠው ያው ኩባንያ ሲሆን ክፍያው ከጠቅላላ በጀቱ በመቶኛ የሚታሰብበት ቦታ ብዙ ነው። ወጪው ሲጨምር የአስተዳዳሪው ገቢም አብሮ ይጨምራል ማለት ነው። ቆጣቢ አስተዳዳሪ በእንዲህ ያለ ውል አይበቅልም። ከባለድርሻዎቹ መካከል መክፈል ያቆሙት ሲበዙ ደግሞ ጉድለቱ በሚከፍሉት ላይ ይከፋፈላል።

የባሕር ዳርቻው እዚህ ላይ ዋጋውን ያስከፍላል። ጨዋማ አየር የበረንዳውን መደገፊያ ብረት ያዝጋል፤ የአየር ማቀዝቀዣዎቹን ቀጫጭን ቅጠሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረግፋል፤ በኮንክሪቱ ስንጥቅ ገብቶ ውስጡ ያለውን ፌሮ ሲያዝገው ብረቱ ያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቀለም ቀብቶ ማለፍ ይቻላል፣ ለጊዜው። ሰኔ 24 ቀን 2021 በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ የተደረመሰውና 98 ሰው የሞተበት የባሕር ዳር ሕንፃ ታይምሼር አልነበረም፤ የባለቤቶች ማኅበር ግን ነበረው፣ ትልቁ ጥገናም ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ነበር። ግዛቲቱ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በጊዜው እንዲመረመሩ፣ ለመዋቅር ጥገና የሚሆን መጠባበቂያም በትክክል እንዲያስቀምጡ አስገደደች። ሕይወት ያድናል፤ ሂሳቡ ግን ከሰማይ አይወርድም። መጠባበቂያው ሲያጥር ወይም አውሎ ነፋስ ጣሪያ ሲወስድ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነው ገንዘብ ልዩ መዋጮ ተብሎ በአንድ ጊዜ ለባለድርሻዎቹ ይላካል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነኝ ዲዝኒ ነው። የዲዝኒ ድርሻዎች ከገበያው ሁሉ በድጋሚ ሽያጭ ዋጋቸውን በተሻለ የሚጠብቁ ናቸው። ይሁንና ኩባንያው በ1995 በፍሎሪዳ ቬሮ ቢች፣ ከመዝናኛ ፓርኮቹ ርቆ ባሕር ዳር ላይ የከፈተው ሪዞርት በአንድ ነጥብ የሚያስከፍለው ዓመታዊ ክፍያ ከኩባንያው ማረፊያዎች ከፍተኞቹ መካከል ነው፤ የድጋሚ ሽያጭ ዋጋው ደግሞ ከዝቅተኞቹ። ኩባንያው ያው ነው፣ አስተዳደሩም ያው ነው፤ የሚለየው ጨውና ነፋስ ነው።

እስቲ እናስላው። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ ከእውነተኛው ገበያ ግን አይርቁም። በ24,000 ዶላር የተገዛ አንድ ሳምንት፣ የመጀመሪያ ዓመት የጥገና ክፍያው 1,200 ዶላር፣ በየዓመቱ በአምስት በመቶ የሚያድግ ይሁን። በ20 ዓመት ውስጥ ለጥገና ብቻ የሚከፈለው 39,700 ዶላር ያህል ይሆናል። ከመግዣው ጋር 63,700፤ ለአንድ ሳምንት 3,180 ገደማ፣ ለአንድ ሌሊት 455 ዶላር። ጥሩ የባሕር ዳር አፓርታማ በከፍተኛ ወቅት ከዚህ በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል ይህ ቁጥር ብቻውን አሳፋሪ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ገዢ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም። ሪዞርቱ ራሱ ያበድረዋል፤ ወለዱም ከባንክ የቤት ብድር ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ከ12 እስከ 18 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው። 4,000 ዶላር ቅድሚያ ከፍሎ 20,000ውን በ15 በመቶ ለ10 ዓመት የተበደረ ሰው በወር 323 ዶላር ይከፍላል፤ ወለዱ ብቻ 18,700 ይደርሳል። አሁን ሌሊቱ 590 ዶላር ሆነ። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የጥገና ክፍያው ብቻውን ከ3,000 ዶላር አልፏል።

ያንኑ ሳምንት መሸጥ ከሚፈልግ ባለድርሻ በ2,000 ዶላር የገዛ ሰው፣ ጥገናውን እንደ ሌላው ሁሉ እየከፈለ፣ ለአንድ ሌሊት 300 ዶላር ያህል ያወጣል። ክፍሉ ያው ነው፣ ባሕሩም ያው ነው። 2,000 ደግሞ ለብዙ ድርሻዎች የተጋነነ ዋጋ ነው፤ በአንድ ዶላር የሚቀርቡ፣ ከዚያም አልፎ የዝውውር ወጪውን ሻጩ ራሱ የሚሸፍንላቸው ድርሻዎች በድጋሚ ሽያጭ ገበያ ላይ ሞልተዋል። 24,000 የተባለው ነገር በማግስቱ ለምን ይህን ያህል ይወርዳል? መልሱ በትልልቆቹ ኩባንያዎች የሒሳብ ሪፖርት ውስጥ አለ። በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡት ለሽያጭና ለማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ ከድርሻ ሽያጭ ገቢያቸው ግማሽ ገደማ ነው። ገዢው ከሚከፍለው ሁለት ዶላር አንዱ የሚሄደው ለራሱ ለገዢው ማማለያ ነው።

ማማለያው እንዴት እንደሚሠራ የሽያጭ ክፍሉን ያየ ያውቀዋል። ግብዣው ርካሽ የሦስት ሌሊት ማረፊያ ወይም የስጦታ ካርድ ነው፤ በምላሹ የሚጠየቀው ዘጠና ደቂቃ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ላይ እንዲገኙ ግዴታ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከመጣ ቤት ሄጄ ላማክር የሚል ማምለጫ ይኖረዋልና። ቁርስ ይቀርባል። ሻጩ ስለ ቤቱ አንድም ቃል ሳይናገር ግማሽ ሰዓት ስለ እንግዶቹ ይጠይቃል፦ ልጆቻችሁ ስንት ዓመታቸው ነው፣ መጨረሻ አብራችሁ ያረፋችሁት መቼ ነው፣ ለሆቴል በዓመት ስንት ታወጣላችሁ። የመጨረሻው መልስ ወረቀት ላይ ይጻፍና በሃያ ዓመት ተባዝቶ ይከበባል። ከዚያ ናሙናው አፓርታማ ይጎበኛል፤ የፎቁ ምርጥ ማዕዘን ነው፣ አበባው ትኩስ ነው። ዋጋው የሚነገረው ከጉብኝቱ በኋላ ነው። እምቢ ሲሉ አለቃ የተባለ ሰው ይመጣና ዋጋው በሺዎች ይወርዳል፣ ለዛሬ ብቻ። በሩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ያለው ጸጥተኛ ሰው አስተያየት የሚሰበስብ ይመስላል፣ የያዘው ግን ርካሹን የሙከራ ጥቅል ነው። ዘጠና ደቂቃው ሦስት ሰዓት ይሆናል። እውነት ዋጋ ያለው ነገር ነገ ጠዋትም ዋጋ አለው፤ ዛሬ ብቻ የሚለው ቃል ብቻውን ለመነሣት ይበቃ ነበር።

ሕግ አውጪዎች ይህን ክፍል በሚገባ ስለሚያውቁ ለፈራሚው ውሉን ሊሰርዝ የሚችልበት የመጸጸቻ ጊዜ ሰጥተዋል። በአውሮፓ ኅብረት በ2008/122 መመሪያ መሠረት 14 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሻጩ ሳንቲም እንኳን መቀበል አይፈቀድለትም። ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ካሊፎርኒያና ሃዋይ 7 ቀን፣ ኔቫዳ 5 ቀን፣ ሜክሲኮ 5 የሥራ ቀን ይሰጣሉ። ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በውሉ ላይ በተጠቀሰው አድራሻ፣ በተጠቀሰው መንገድ፣ በጊዜው የተላከ ጽሑፍና የተላከበት ማስረጃ ነው፤ ለሻጩ ደውሎ ሐሳቤን ለውጫለሁ ማለት ዋጋ የለውም። እንዲያውም ሻጩ ችግር የለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ እያለ ቀኑን ሊያሳልፍብዎት ይችላል። ብዙ ውሎች ገዢው በቃል በተነገረው ተስፋ ላይ አልተመረኮዝኩም ብሎ የሚፈርምበት አንቀጽ ስላላቸው፣ ሻጩ እናከራይልዎታለን ወይም በትርፍ ይሸጡታል ያለው ሁሉ እዚያ አንቀጽ ላይ ይሞታል።

ቀኑ ካለፈ በኋላ መውጣት ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ውሎች የማያልቁ ናቸው፤ ባለቤቱ ሲሞት ጉዳዩ ወደ ውርሱ ይገባል፣ ልጆችም ድርሻውን በጊዜውና በጽሑፍ አንቀበልም ብለው ካላስታወቁ የማይፈልጉት ሂሳብ ሊከተላቸው ይችላል። ስፔን በ1998 ያወጣችው ሕግ የውሉን ዕድሜ በ50 ዓመት ገድቦት ነበር፤ ሪዞርቶቹ ግን ማለቂያ የሌላቸው ድርሻዎችን መሸጥ አላቆሙም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2015 ከግራን ካናሪያ ደሴት በመጣ ክስ ላይ እንዲህ ያለውን ውል ፈራሽ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ የተከተሉት ክሶች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በአሜሪካ አንዳንድ ኩባንያዎች ብድሩን የጨረሰ ባለድርሻ ድርሻውን የሚመልስበት መንገድ ከፍተዋል፤ መጀመሪያ መደወል ያለበት ወደ ራሱ ወደ ሪዞርቱ ነው። ይህን የምለው ሁለተኛው ጥሪ አደገኛ ስለሆነ ነው።

መውጣት የፈለገ ሰው ሽታው ሩቅ ይሄዳል። ድርሻዎን የሚገዛ ደንበኛ አግኝተናል፣ ግብሩንና የዝውውሩን ክፍያ ብቻ ቀድመው ይላኩ የሚል ስልክ ይመጣል። ገዢው የለም። እንደ አሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አኃዝ ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት በሜክሲኮ ካሉ ድርሻዎች ጋር በተያያዘ ማጭበርበር ወደ 6,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንደተወሰደባቸው አመልክተዋል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ባለሥልጣናት ከዚህ ጀርባ የሜክሲኮዋ የሐሊስኮ ግዛት የአደንዛዥ ዕፅ ቡድን እንዳለበት ገልጸው ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከፑዌርቶ ቫያርታ አካባቢ ጋር የተያያዙ ግለሰቦችና ድርጅቶች ላይ ከ2023 ጀምሮ ማዕቀብ ጥለዋል። የተታለሉት በብዛት በዕድሜ የገፉ ባለድርሻዎች ናቸው፤ ዓመታዊው ክፍያ ከጡረታቸው ጋር መታገል ሲጀምር ማንኛውም ገዢ እውነት ይመስላል። ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ገዢ ገዢ አይደለም።

ታዲያ ማን ይግዛ? እውነቱን ለመናገር የሚገባው ሰው አለ፦ ወደ አንድ ዳርቻ በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚሄድ፣ ቤተሰቡ ሰፊ የሆነ፣ ብድር የማያስፈልገው፣ ከድጋሚ ሽያጭ ገበያ የሚገዛና የሪዞርቱን የመጠባበቂያ ሒሳብና ያለፉትን አምስት ዓመታት የጥገና ክፍያ ጭማሪ ጠይቆ ያነበበ። የሚያበቃበት ዓመት የተጻፈበት ውል ከማያልቀው ይሻላል። የቆየ ሕንፃ ያለ በቂ መጠባበቂያ ከባሕር ፊት ሲቆም ርካሽነቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን የሚያሟላ ሰው ብዙ አይደለም፤ አለ ግን፣ ደስተኛም ነው።

ለተቀረው ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ፦ መከራየት። በዚህ ዓመት መሄድ ያልቻለ ባለድርሻ የሚፈልገው ትርፍ ሳይሆን የጥገና ክፍያውን መመለስ ስለሆነ ሳምንቱን ብዙ ጊዜ በዚያው ገደማ ያከራያል። ተከራዩ ወጥ ቤቱን፣ ማጠቢያውን፣ በረንዳውን ያገኛል፤ ልዩ መዋጮው፣ ዝገቱና ውርሱ የሌላ ሰው ነው። በተሸጠው ሁሉ ድርሻ ላይ የተከመረው ክፍያ ለእሱ ቅናሽ ሆኖ ይደርሰዋል፤ ፍትሐዊ ባይመስልም ገበያው እንዲህ ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው። ገንዘብ ከመላክ በፊት ቦታው በተከራዩ ስም መያዙን የሚያሳይ ማረጋገጫ መቀበል፣ ከዚያም ለሪዞርቱ በራሱ ስልክ ደውሎ ያንን ቁጥርና ስም ማጣራት ያስፈልጋል። የመሰረዝ መብት ብዙ ጊዜ ስለማይኖር በአውሎ ነፋስ ወቅት ለሚደረግ ጉዞ የጉዞ ኢንሹራንስ ቀድሞ መግዛት ይበጃል፤ አውሎ ነፋሱ ስም ካገኘ በኋላ የተገዛ አይሸፍነውም።

የደረሱ ቀን ቁልፉን ከመቀበያው ከተረከቡ በኋላ ወደ ጎን ወዳለው ጠረጴዛ ይመሩዎታል፤ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ወይም የፎጣ ካርድ የሚሰጠው እዚያ ነው ይባላል። ጠረጴዛው የሽያጭ ክፍሉ ነው፤ ፈቃዱ ሲሰጥ ነገ ጠዋት ለአጭር የቁርስ ገለጻ ቀጠሮም አብሮ ይያዛል። በቅናሽ የገለጻ ጥቅል የመጣ እንግዳ መገኘት ግዴታው ነው፤ አለዚያ ሙሉውን ዋጋ ያስከፍሉታል። ሳምንቱን ከባለድርሻ የተከራየ ግን ምንም ግዴታ የለበትም። አመሰግናለሁ፣ ፈቃዱን ብቻ ይስጡኝ ማለት ይበቃል።